ከሰል፣ ጋዝ ወይስ መብራት? የቤታችንን ካርበን ወደ ዜሮ ለማውረድ የቱ ይቅደም

ጀርመን የምትኖረው እህቴ ጣሪያዋ ላይ ሶላር አስገጥማ ፎቶውን ላከችልኝ። ከሥሩ «አንተስ መቼ ነው?» ብላለች። መጠየቋ አይገርምም። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን በአማካይ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ጉልበት ያርፋል። እሷ ያለችበት ከተማ የዚህን ግማሽ ያህል ቢያገኝ ነው።

ሆኖም የእሷና የእኔ ሒሳብ ይለያያል። እሷ ሶላር ስታስገጥም የምታስቀረው በድንጋይ ከሰልና በጋዝ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው። እኔ ባስገጥም የምቆጥበው የግልገል ጊቤንና የህዳሴን ውሃ ነው። የእኔ ቤት ካርበን ያለው ወጥ ቤት ጥግ በቆመው የከሰል ማዳበሪያ ውስጥ ነው።

ካርበን ገለልተኛ መሆን ማለት ወደ አየር የምንለቀውና ከአየር መልሰን የምንይዘው ሲቀናነስ ዜሮ መምጣቱ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. እስከ 2050 እዚያ ለመድረስ አቅዳለች። በአገር ደረጃ ትልቁ ድርሻ የከብቱ፣ የእርሻውና የደኑ ነው፤ ያንን እኔና እናንተ ከቤታችን ሆነን አንፈታውም። የራሳችን የሆነው ምድጃው፣ መኪናው፣ የምንሠራው ቤትና የምንሳፈርበት አውሮፕላን ነው። በእያንዳንዱ ላይ አማራጭ አለ። የውጭ ጽሑፎች ሲደረድሯቸው ሶላርን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። የእኛ አገር መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመጣ ተራው ይገለበጣል። እኔ የምጀምረው ከወጥ ቤት ነው።

ወጥ ቤት

በመጀመሪያ ከሰል። በገጠር በተለመደው መንገድ፣ እንጨቱ ተከምሮ አፈር ለብሶ ሲከስል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ያልቃል። የቀረው ጭስ ሆኖ ይሄዳል፤ ጭሱ ውስጥ ደግሞ ከካርበን ዳይኦክሳይድ እጅግ የሚብስ ሚቴን አለ። ማለትም ፈርኔሎው ላይ ከሰሉ ሳይቀጣጠል ዋናው ጉዳት አልቋል።

ከሰል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ግራር ተጨፍጭፎ የመጣ ከሰል አለ። ያ ግራር ተመልሶ ካልበቀለ ካርበኑ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። በሌላ በኩል አዊ ዞን ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ራሱ ዲከረንስ የሚባል ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ሲደርስ ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያ እንደገና ይተክላል። እዚህ የሚወጣውን ካርበን ቀጣዩ ተክል መልሶ ይስበዋል። የሚቀረው የማክሰሉ ጭስ ነው። በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን በሽታ መትቶታል፤ ቢሆንም ከሁለቱ ከሰል የቱን ትገዛለህ ብትሉኝ መልሴ ግልጽ ነው። ችግሩ ጉሊት ላይ ከሰል የምትሸጠዋን እናት «ይሄ የተተከለ ነው ወይስ የተፈጥሮ?» ብላችሁ ብትጠይቁ በሳቅ መሸኘታችሁ ነው። እኔ ተሸኝቻለሁ።

አሁን ንጽጽሩን በኪሎ እናድርገው። አንድ ኪሎ ከሰል ውስጥ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለ። ተራው የብረት ፈርኔሎ ከዚህ አንድ አምስተኛውን ለድስቱ ያደርሳል፤ ሌላው ጎኑን ያሞቃል። ላቀች የሚባለው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው ምድጃ፣ ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ርካሽ ነው፣ ገመድ አይፈልግም። ከሰል መተው ለማይችል ቤት ዛሬውኑ የሚደረግ ለውጥ ይህ ነው። እንጨት የሚያነዱ ደግሞ ለእንጀራ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ይያዙ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል።

ኤሌክትሪክ ስቶቭ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በእኔ ስሌት አንድ ኪሎ ከሰል በተራ ፈርኔሎ የሚሠራውን፣ ስቶቭ በ2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሠራዋል። ኢንዳክሽን ከሆነ ከ2 ያንሳል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚፈጠረው ድስቱ ራሱ ላይ ነው። ኢንዳክሽን ስትገዙ ግን ድስታችሁን በማግኔት ፈትሹ። ማግኔት የማይዘው የአሉሚኒየም ድስት ዋጋ የለውም። ሸክላ ድስት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ሽሮ በሸክላ ካልተንተከተከ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ተራውን ስቶቭ ይያዝ።

እንጀራ የራሱ ጉዳይ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ይህን በዲቫይደር ላይ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። ከብሬከሩ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ያስፈልገዋል። ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በድንጋይ ከሰል መብራት በሚያመነጭ አገር ይህ 5 ኪሎ ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው። እኛ ጋ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ቆጣሪው ታሪፉን የሚያሰላው በደረጃ ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የኪሎዋቱ ዋጋ ከፍ ይላል። ዋጋውም ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ስለዚህ ምጣዱን በየሁለት ቀኑ ለአምስት እንጀራ ከማሞቅ ሊጡን አጠራቅሞ አንዴ መጋገር፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተራ መግባት ይሻላል። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ የሚጋገረው ርካሽ ነው። እንጀራው ግማሽ ላይ መብራት ከሄደ ግን ምንም ምክር የለኝም።

ስለ ሲሊንደር ጋዝ ሰዎች ይከራከራሉ። «ከመሬት የወጣ ነዳጅ ነው፤ ከሰል ቢያንስ ከዛፍ ነው» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ ሌላ ይላል። አንድ ኪሎ ጋዝ የ4 ኪሎ ከሰል ያህል ሥራ ይሠራል። ሲነድ 3 ኪሎ ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አራት ኪሎ ከሰል ደግሞ ከ24 ኪሎ እንጨት ይመጣል። ያ እንጨት ተመልሶ ካልበቀለ ልቀቱ ከ35 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ጋዝ ከግራር ከሰል ከአሥር እጥፍ በላይ ይሻላል። ከሚተካ ዲከረንስ ጋር ግን ፍርዱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከመብራት ጋር ደግሞ ለውድድርም አይቀርብም። እኔ ጋዝን የምመክረው ለመጠባበቂያ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ልጆች ጦማቸውን እንዳያድሩ።

ባዮጋዝ፣ ማለትም ከእበት የሚወጣ ጋዝ፣ ከተማ ውስጥ አያስፈልገንም። ገጠር ቤተሰብ ላላችሁ ግን ጥሩ ነገር ነው፤ ሁኔታው ከተሟላ። ቢያንስ አራት ከብት፣ በየቀኑ እበት የሚዝቅ ሰው፣ ከእበቱ ጋር እኩል የሚሆን ውሃ ያስፈልጋል። ውሃ ከሩቅ በጀሪካን የሚቀዳበት ቤት ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ሲሚንቶው ተለስኖ፣ ሥራ ይፈታል። ሌላው ቅሬታ የእንጀራ ነው። ወጥና ቡና ያበስላል፤ ሰፊ ምጣድ ለማጋል ግን እሳቱ ይሰንፋል። ስለዚህ ባዮጋዝ ያለው ቤትም ለእንጀራ እንጨት ማንደዱን አይተውም። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ግን ምርጥ ማዳበሪያ ነው። አንዳንድ ገበሬ ከጋዙ ይልቅ እሱን ይወደዋል።

ለማጠቃለያ ያህል የእኔን ቤት ልንገራችሁ። እንጀራና ወጥ በመብራት፣ መጠባበቂያው ጋዝ፣ ከሰል ለቡና ብቻ። ለቡናዋ የምትበቃ ትንሽ ላቀች አለችን፤ አንድ ማዳበሪያ ከሰል አሁን ከወር አልፎ ወራት ይከርማል። መስኮት ተከፍቶ ነው ታዲያ። የከሰል ጢስ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል፤ ይህ የካርበን ገለልተኝነት ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

መብራት ሲሄድ

ለሱቅ፣ ለካፌ፣ ለትንሽ ቢሮ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ጄኔሬተር ወይስ ባትሪ?

ትንሽዬ የቤንዚን ጄኔሬተር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማምረት ግማሽ ሊትር ያህል ትጠጣለች። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ የጄኔሬተር መብራት በኪሎዋት ሰዓት ከአንድ ኪሎ በላይ ልቀት አለው፤ ከድንጋይ ከሰል መብራት ጋር ይስተካከላል። ኢንቨርተርና ባትሪ ግን መብራት ሲኖር ከውሃው ኃይል ሞልቶ ይጠብቃል። ባትሪው ከሊድ አሲድና ከሊቲየም ይመረጣል። ሊድ አሲድ ሲገዙት ይረክሳል፤ ግን ከግማሽ በታች ካወረዱት ቶሎ ይሞታል፣ በጥቂት ዓመት ይለወጣል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት አብዛኛውን አቅሙን ያለ ጉዳት ይሰጣል፤ በአግባቡ ከተያዘ አሥር ዓመት ገደማ ይቆያል። በዓመት ሲካፈል ውዱ እሱ አይደለም።

ሶላሩ እዚህ ላይ ቢጨመር ጥሩ ነው፤ ግን ለምን እንደምትገዙት እወቁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚገዛው ለአስተማማኝነት ነው። ካርበን በደንብ የሚቀንሰው ጄኔሬተር ካስጣለ፣ ወይም መስመር ባልደረሰበት ገጠር የላምባ ኩራዝ ከተካ ነው። እስራኤል ያላችሁ ዘመዶቻችን ግን ሌላ ናችሁ። እዚያ መብራቱ በአብዛኛው ከጋዝ ስለሚመነጭ ጣሪያ ላይ ያለው ፓኔል በቀጥታ ጋዝ ያስቀራል። «ዱድ ሼሜሽ» የምትሉት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያም አገሩ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዲስ ቤቶች ላይ በሕግ ያስገደደው ያለ ነገር አይደለም።

መኪና፣ ታክሲ፣ ባቡር

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ለአዲስ ገዢ ምርጫው ጠቧል። ቢዋይዲውም አይዲ 4ቱም፣ የኤሌክትሪክ መኪናው ሁሉ፣ መንገዱን ሞልቶታል። ስለዚህ ጥያቄው «ያለችኝን ቪትዝ ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ?» የሚለው ነው።

ቪትዟ በመቶ ኪሎሜትር 6.5 ሊትር ብትጠጣ 15 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ትለቃለች። የኤሌክትሪኩ ሲነዳ ከዜሮ አይርቅም፤ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ዕዳ ተሸክሞ ነው። የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሥራት 5 ቶን ያህል ልቀት ይወጣል ብንል፣ ያንን ዕዳ ለመክፈል እዚህ አገር 33 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ መንዳት ያስፈልጋል። በድንጋይ ከሰል በሚኖር አገር ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ለብዙ ነጂ፣ በተለይ ለራይድ ሾፌር፣ 33 ሺህ ብዙ አይደለም። በሳምንት አንዴ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ ለሚያወጣት ሰው ግን ዓመታት ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ቪትዟን ይዞ ቢቆይ ካርበኑም ኪሱም አይጎዱም።

አሁን ሚኒባሱን እናምጣ። ከተማ ውስጥ በመቶ ኪሎሜትር 11 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል እንበል። ወደ 30 ኪሎ ልቀት ነው። ለ12 ተሳፋሪ ሲካፈል ለሰው 2.5 ኪሎ። የኤሌክትሪክ መኪናውን ባትሪ ዕዳ በ200 ሺህ ኪሎሜትር ዕድሜው ብናካፍለው፣ በመቶ ኪሎሜትር እሱም 2.5 ኪሎ ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ ብቻውን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰውና ታክሲ ውስጥ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ሰው በካርበን እኩል ናቸው! ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ሳያውቀው አየር ንብረት እየጠበቀ ነው። ቀላል ባቡሩ ደግሞ በመብራት ስለሚሄድ፣ መስመሩ ለሚደርሳችሁ፣ ሁለቱንም ይበልጣል። መገፋፋቱን ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁም።

ቤት ለሚሠሩ አንድ ነገር

ሲሚንቶ። የሲሚንቶው ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር ሲጋገር ከሚወጣው ልቀት ከግማሽ በላዩ ከነዳጁ አይደለም፤ ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በምንም ቢሠራ አይጠፋም። የሚቀንሰው ክሊንከሩን በሌላ ነገር በመተካት ነው። ገበያ ላይ ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሚቀላቀልበት ኦፒሲ ከሚባለው ተራ ሲሚንቶ ያነሰ ክሊንከር አለው። ለግንብ፣ ለልስን፣ ለወለል ፒፒሲ ይበቃል። ኮለንና ሶሌታ ላይ ግን መሐንዲሱ የሚላችሁን ስሙ።

የቀረውን በዛፍ ወይስ በማሽን?

ሁሉን አድርጋችሁ የማይቀር ነገር አለ። ለምሳሌ አውሮፕላን። ለፋሲካ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው 2 ቶን ገደማ ነው። በመብራት የሚበር ትልቅ አውሮፕላን የለም። ስለዚህ ማካካሻ፣ ማለትም የለቀቃችሁትን ያህል ሌላ ቦታ እንዲያዝ ወይም እንዲቀነስ መክፈል፣ ይመጣል፤ ማጭበርበሩም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ያደገ ዛፍ በዓመት ሃያ ኪሎ ያህል ቢይዝ፣ ለአንዱ ጉዞ መቶ ዛፍ ለአንድ ዓመት መቆም አለበት። መቶ ችግኝ አላልኩም። የተተከለና የጸደቀ ሁለት ነገር ነው፤ ክረምት ላይ ፎቶ የተነሣንበት ችግኝ በበጋው ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል፤ ፍየልም አለ።

ለዚህ ነው ወላይታ ሁምቦን የምወደው። እዚያ የተደረገው በአብዛኛው መትከል አይደለም። ተራራው ተራቁቶ ነበር፤ ግን ከመሬት በታች ጉቶውና ሥሩ ሕያው ነው። ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ 2,728 ሄክታር ከለለ፣ ከብት አስወጣ፣ ከየጉቶው የሚበቅለውን ቅርንጫፍ መርጦ ገርዞ አሳደገ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድ ከካርበኑ ከፊሉን ገዛ። በ30 ዓመት 880 ሺህ ቶን እንዲይዝ ነው የታሰበው። ሲካፈል በሄክታር በዓመት ወደ 11 ቶን ነው። አንድ ሄክታር የሁምቦ ደን በዓመት የአምስት መንገደኞችን የዋሽንግተን ደርሶ መልስ ይሸከማል።

በሌላው ጫፍ ማሽኑ አለ። አይስላንድ ውስጥ ማሞዝ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው ተቋም በትላልቅ ማራገቢያ አየር ስቦ ካርበኑን ይለያል። ከዚያ በውሃ አሟሙተው ባዛልት ውስጥ ይጨምሩታል፤ በሁለት ዓመት ገደማ ድንጋይ ይሆናል። ሲነደፍ በዓመት 36 ሺህ ቶን እንዲይዝ ታስቦ ነው። የሁምቦን 880 ሺህ ለ30 ብታካፍሉት በዓመት 29 ሺህ ነው። የማሽኑ ዋጋ በቶን ወደ አንድ ሺህ ዶላር ይጠጋል፤ ግን ድንጋይ አይቃጠልም፣ አይቆረጥም። ደን ሊቃጠል ይችላል። ባዛልት በእኛ ደጋም ሞልቷል፤ መንገዱን ያነጠፍንበት ጥቁር ድንጋይ እኮ ነው። ለጊዜው ግን ለእኛ አቅም ጉቶው ያዋጣል።

«የምድጃ ክሬዲት» የሚባለውን ስትገዙ ጠንቀቅ በሉ። የተሻሻለ ምድጃ ታድሎ የቀነሰው ጭስ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት የመረመራቸው ፕሮጀክቶች ከእውነተኛው ቅነሳ ወደ 9 እጥፍ አብልጠው እንደቆጠሩ አሳይቷል። ምድጃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሰው አዲሱን ይቀበልና አሮጌውንም ጎን ለጎን ያነዳል፤ ልክ እንደ እኔና እንደ ቡናዬ።

ስለዚህ ለሻጩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ይህ ገንዘብ ባይኖር ደኑ ወይም ምድጃው አይኖርም ነበር ወይ? ከአምስት ዓመት በኋላ ሄዶ የሚቆጥረው ማን ነው? ከሽያጩ ለጠባቂው ማኅበር የሚደርሰው ስንት ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ በቁጥር ካልመለሰላችሁ፣ ብሩን ለአገር ቤት ዘመዳችሁ የምጣድ ሽቦ ማስዘርጊያ ላኩት።